ዘውዴ የመረጠላት ጥርስ

ሸዋ ሮቢት አካባቢ የውሃ ሞተር የተበላሸበት ሽንኩርት አምራች ሁሉ የሚጠራው ዘውዴን ነው። ሮቢ ወንዝ ዳር አንድ ሞተር ሲያቃስት ከሩቅ ሰምቶ «ይሄ ፒስተኑ ነው» ይላል፤ ተከፍቶ ሲታይም እንዳለው ሆኖ ይገኛል። በሙያውስ ማንም አይደርስበትም። ግን ምን ዋጋ አለው! ያ ለሞተር የተፈጠረ ጆሮ ወደ ቤት ሲመለስ ሌላ ሥራ ያገኛል፤ ሚስቱ ሱቅ ውስጥ ማን ሳቀ፣ ማን አስነጠሰ፣ ማን «የኔ እመቤት» አለ ሲል ይውላል። ዘውዴ ቀናተኛ ነበር። ቀናተኛ ስል ደግሞ አልፎ አልፎ ቆንጠጥ የምታደርገዋን፣ ሁላችንም ቤት ያለችዋን ቅናት ማለቴ አይደለም። የእሱ ቅናት አብራው ተኝታ አብራው የምትነሳ ነበረች፤ ቁርሱን እንኳ ቀድማ የምትቀምሰው እሷ ናት።

ሚስቱ ወይንሸት አውራ ጎዳናው ዳር፣ የደሴ አውቶቡሶች ለምሳ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ጭማቂ ቤት ነበራት። ከጣርማ በር ብርድ ወርዶ የቆላው ሙቀት ፊቱን ሲመታው ጭማቂ የማያምረው መንገደኛ የለም፤ ሁሉም ይገባል። ዘውዴ በሹፌሮቹ ይቀናል፤ በረዳቶቹ ይቀናል፤ ፓፓያ በአህያ ጭኖ በሚያመጣላት ገበሬ ይቀናል። ጊዜው ሚሌኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመት የሆነው፣ ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት የተደራጀበት ዘመን ነበር። የእሷን ቡድን የሚመራው ወንድ መሆኑን የሰማ ዕለት ቀበሌ ድረስ ሄዶ «ስለ ልማት ለመወያየት ብሎ በየሳምንቱ መገናኘት ምን ይባላል?» ብሎ ጮኸ። ሊቀመንበሩ ሰውየው ፖሊሲ የተቃወመ መስሎት ሊቆጣ ሲል፣ ነገሩ የሚስት ጉዳይ መሆኑ ገባውና በሳቅ ሞተ። ዘውዴ ግን አልሳቀም።

እንዲህ በነፋሱም በአየሩም የሚቀናው ሰው በአንድ ነገር ብቻ እፎይ ይል ነበር፤ በሚስቱ አፍ። ወይንሸት ልጅ ሳለች ቀወት ገጠር ውስጥ ማሽላ ስትጭን፣ አህያዋ ጭንቅላቷን ወርውራ ሁለቱን የፊት የላይ ጥርሶቿን መታቻት። አንደኛው ከግማሹ ተሰበረ፤ ሁለተኛው ሳይሰበር ሞተና እያደር ጠቆረ። ከዚያ ወዲህ ስትናገር ከንፈሯን እምብዛም አታላቅቅም። ሳቅ ከመጣባት የነጠላዋ ጫፍ ቀድሞ አፏ ላይ ይደርሳል፤ ነጠላ ካልያዘች መዳፏ አለ። ዘውዴ ሲያገባት እንዲያ ነበረች፤ ከአሥር ዓመት በላይ አብረው ሲኖሩም እንዲያው ናት። ከእሱ ጋር ስትበላ እንኳ ፊቷን ዘወር አድርጋ ነው የምትጎርሰው። እሱ ይህን «ጨዋነቷ» ይለዋል፤ ለሰውም ይኮራበታል። አይ ጨዋነት! ሴትዮዋ በሃፍረት የምትሞትበትን እሱ ለምግባር ቆጠረላት። በልቡ ግን እውነቱን ያውቃል፤ ያ ስብርባሪ ጥርስ ደመወዝ የማይጠይቅ ዘበኛው ነበር።

ታዲያ ዘበኛውን የሚያባርር ሰው መጣ። ዶክተር ሰዲቅ ይባላል፤ የዚያው የሸዋ ሮቢት ልጅ ነው። አባቱ ገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጡ ነበር። አዲስ አበባ የጥርስ ሕክምና ተምሮ ተመለሰና በአባቱ ሱቅ ቦታ ክሊኒክ ከፈተ። ወጣት ነው፣ ቁመቱ መለሎ፣ ሲናገር ሰው የሚያከብር። ጥርሱንማ ተዉት! ዘውዴ መጀመሪያ ያየው ወይንሸት ሱቅ ቁጭ ብሎ ማንጎ ሲጠጣ፣ በአንድ ነገር ሲስቅ ነው። ያን ቀን ዘውዴ ሌላ ሥራ አልሠራም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ወይንሸት እንጀራውን ቆርሳ ሳትጎርስ ያዘችና፣ «ፍሬሕይወት በጥር ታገባለች» አለችው። ፍሬሕይወት ታናሽ እህቷ ናት፤ ከእሷ በቀር የእናት ልጅ የላትም።

«እሰየው! መልካም ዜና ነው» አለ ዘውዴ።

«ሰርጓ ላይ አፌን ሸፍኜ አልቆምም። ጥርሴን ላሠራ ነው።»

ዘውዴ ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሰ። «ማን ይሠራዋል አለሽ?»

«ዶክተር ሰዲቅ ነዋ።»

«እሱ ጥርስሽን የት አየው?»

«ጭማቂ ሲጠጣ።»

«ጭማቂ የሚጠጣው እሱ፣ አፍ የምትከፍቺው አንቺ?»

«ኧረ ዘውዴ፣ ተው እንግዲህ! የጥርስ ሐኪም ጥርስ ያያል። ‹እትዬ ወይንሸት፣ ለምን ይሸፍኑታል፣ ይሠራል እኮ› አለኝ። እኔ እኮ የአዲስ አበባ ሰው ብቻ የሚያሠራው ነበር የሚመስለኝ።» ድምፅዋ ሳሳ። «አንዲት እህቴን ስቄ ልዳራት። ሌላ ምን ጠየቅኩህ?»

እምቢ እንዳይላት ምን ብሎ? «ጥርስሽ ከተሠራ ትስቂያለሽ፤ ከሳቅሽ ያዩሻል፤ ካዩሽ ይወስዱሻል» ተብሎ ይነገራል? እውነቱ ግን ይኸው ብቻ ነበር። የወይንሸት ሳቅ አደባባይ የወጣ ዕለት የእሱ ብቻ መሆኗ ያከትማል ብሎ ፈራ። «እናያለን» ብሎ እጁን ሳይታጠብ ተነሳ።

በማግሥቱ ሮቢ ዳር የበድሩን ሞተር ሲፈታ ይኸው ነገር ያብሰለስለዋል። በድሩ ሽንኩርትና ማሾ የሚያመርት የልጅነት ጓደኛው ነው፤ ዘውዴ የሆዱን የሚያጫውተው ለእሱ ብቻ ነው። ያን ቀን ግን ግማሹን ነገረው፤ ሚስቱ ጥርስ ልታሠራ መሆኑን እንጂ እሱ መቃጠሉን አልነገረውም። በድሩ ምኑ ሞኝ ነው! ከፊቱ አነበበው።

«አንተ ሰውዬ፣ ደግሞ በጥርሷ ልትቀና ነው?»

«ማን ቀና? የጥንካሬው ነገር አሳስቦኝ ነው እንጂ።»

«ወላሂ አንተ አትድንም! ይልቅ ስማኝ። የኔዋ ነኢማ ዓይኗ ደክሞ መነጽር ያሠራች ጊዜ አብሬያት ሄጄ የመረጥኩላት እኔ ነኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ‹በድሩ የመረጠልኝ› እያለች ለጎረቤቱ ታወራለች። አንተም ሂድና ጥርሷን ምረጥላት። ሴት ልጅ ይህን አትረሳም።»

በድሩ ለመልካም ነው የተናገረው። ዘውዴ ግን የሞተሩን ክዳን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እውነትም! መራጩ እሱ ከሆነ የሚያምረውን ማን ያዘዋል? የማያምረውን ይመርጥና «ለጥንካሬው ነው» ቢል ማን ይከራከረዋል? «ምረጥላት አልከኝ?» አለ። «እመርጥላታለሁ!» ሆዱ ውስጥ ሰርግና ምላሽ ሆነ።

ክሊኒኩ ሲገቡ ዶክተር ሰዲቅ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ተቀበላቸው። «ጋሼ ዘውዴ፣ እንኳን አብረው መጡ! ብዙው ባል ሚስቱን ብቻዋን ይልክና ካለቀ በኋላ ይወቅሰናል» አለ። ዘውዴ በትህትናው ጭምር ተናደደ። የሚጠሉት ሰው ነውር ሲያጡለት መቼም ይብሳል።

ዶክተሩ ነጭ ጨርቅ ላይ ጥቂት የናሙና ጥርሶች ደረደረ። መጀመሪያ እንደ ጥፍር የሳሳውን አነሳ። «ይህ ቬኒር ይባላል፤ የጥርሱ ፊት ላይ ብቻ የሚለጠፍ ነው። ጥርሱ ጤነኛ ሆኖ መልኩ ለከፋበት ሰው ይሆናል፤ ለተሰበረና ለሞተ ጥርስ ግን አይበቃም። ለእትዬ ወይንሸት የሚያስፈልጋቸው ጥርሱን ዙሪያውን የሚያለብስ ሙሉ ሽፋን ነው። ክራውን እንለዋለን።»

«የወርቅ ቢሆንስ?» አለች ወይንሸት።

«ወርቅ አይሆንም!» ዘውዴ ጮኸ። ወርቅ ከሩቅ ያብለጨልጫል፤ የደሴ ሹፌር ሁሉ መሪውን እንደያዘ ያየዋል።

ዶክተሩ በጩኸቱ ትንሽ ደንግጦ ሌላውን አነሳ። ይህኛው እንደ መስታወት ብርሃን ያሳልፋል፤ ከሕያው ጥርስ የሚለየው የለም። «ከሁሉ የሚያምረው ይህ ነው» ሲል ዘውዴ ናሙናውን በክፉ ዓይን አየው። «ግን ብርሃን ስለሚያሳልፍ፣ ከሥሩ ያለው ጥርስ ጥቁር ከሆነ ጥቁረቱን ያሳብቃል። የእሳቸው አንዱ ጥርስ ጠቁሯል፤ ስለዚህ ይቅርብን።» ዘውዴ በልቡ ተመስገን አለ።

«ይህ ደግሞ ዚርኮኒያ ነው። የሸክላ ዘር ነው፤ ጥንካሬው ግን ከብረት አይተናነስም። ጥቁሩን ጥርስ ይሸፍናል፣ መልኩም...» ዘውዴ እስኪጨርስ አልጠበቀም። ናሙናውን ብድግ አድርጎ በመንጋጋው ቀርጠም አደረገው።

«ኧረ ጋሼ ዘውዴ! ናሙና ነው፣ አይነከስም!»

«ጥንካሬውን ላጣራ ብዬ ነው» አለ ዘውዴ አገጩን ይዞ። ናሙናው ደህና ነበር፤ ያመመው የእሱ ጥርስ ነው።

«የመጨረሻው ውስጡ ስስ ብረት፣ ላዩ ፖርስሊን ነው» አለ ዶክተሩ ናሙናውን ከእጁ ቀስ ብሎ እየተቀበለ። «ብዙ ዘመን የተሠራበት፣ የታመነ ነው። አንድ ነውር ግን አለው። ጊዜ ሲሄድ ድዱ ትንሽ ይሸሽና ብረቱ ብቅ ይላል፤ ጥርሱና ድዱ የሚገናኙበት ላይ ጥቁር መስመር ይታያል። አንዳንዱ ሰው ላይ ከጅምሩም ጥላው አለ። ስለዚህ ለፊት ጥርስ፣ በተለይ ሲስቅ ድዱ ለሚታይ ሰው፣ ብዙም አልመርጠውም።»

ዘውዴ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ጥቁር መስመር! ያውም ድድ ሥር! ስትስቅ ይታያል፤ ሲታይ ታፍራለች፤ ስታፍር ትሸፍናለች። ዘበኛው ልብስ ለውጦ ወደ ሥራው ተመለሰ ማለት ነው።

«ይኸኛው ይሁን!» አለ በጣቱ እየመታ። «ብረት ያለበት ነገር ነው የሚያስተማምነው። ሸክላ ያው ሸክላ ነው። እኔ የብረት ሰው ነኝ፣ ለእኔ አትንገረኝ።»

ዶክተር ሰዲቅ ወደ ወይንሸት ዞረ። ወይንሸትም ዶክተሩን አየችው። ከዚያ ሁለቱም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሳቁ! እሱ ከንፈሩን ነክሶ፣ እሷ ነጠላዋ ውስጥ ተደብቃ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ።

«ለሌላ ሰው ቢሆን እከራከርዎት ነበር» አለ ዶክተሩ። «ለእትዬ ወይንሸት ግን ግድ የለም። እንዲያውም ይስማማቸዋል።»

የዘውዴ ደም ፈላ። ምኑ ነው የሚስማማት? ሁለቱ አውቀውት እሱ የማያውቀው ምን ነገር አለ? ያሰበው ተሳክቶለት ሳለ ልክ እንደ ተሸነፈ ሰው ጆሮ ግንዱ ጋለ። ቢጠይቅ ደግሞ ቅናቱ ይጋለጣል።

በቀለሙ ምርጫም ላይ አልተኛም። ዶክተሩ የቀለም መምረጫዎቹን መስኮቱ ጋ በብርሃን ሲያሳያቸው ወይንሸት ከሁሉ ነጩ ላይ ዓይኗ ቀረ። ዘውዴ ፈጠን ብሎ ወደ ቢጫ የምታደላዋን ያዘ። «ይቺ ትሁን።» ዶክተሩ ወይንሸትን ጀርባዋን ለዘውዴ እንደሰጠች ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ፣ ዘውዴ የያዛትን ከጎን ጥርሶቿ ጋር አስተያየና ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። «ጋሼ ዘውዴ፣ እውነትም ዓይን አለዎት! ሰው ሁሉ እንደ ወረቀት የነጣውን ይመርጥና አፉ ውስጥ ባዕድ ይሆንበታል። የእሳቸው የጥርስ ቀለም ይቺው ናት።» ዘውዴ ምስጋናውን እንደ ኮሶ ዋጠው።

የባሰው ግን ገና ነበር። ወይንሸት ሕክምናው ወንበር ላይ ተጋድማ ዶክተሩ መብራቱን ሲያበራ፣ ዘውዴ እግሯ ሥር ቆሞ አንገቱን አሰገገ። ወይንሸት እጇን አፏ ላይ ጭና፣ «ዘውዴ፣ እባክህ ውጣልኝ» አለችው።

«እኔ? ባልሽ?»

«አንተ እያለህ አፌን አልከፍትም።»

ወጣ፤ ምን ያድርግ! ሌላ ወንድ የሚስቱን አፍ ከፍቶ፣ በመብራት፣ በመስታወት እያገላበጠ ያያል፤ ባልየው በረንዳ ላይ እንደ ተላላኪ ቆሟል። ማሽኑ ሲንጫረር ጆሮውን ጣለ። የሞተር ድምፅ ሁሉ ለእሱ አንድ ነገር ይነግረዋል፤ ይህ ግን ምንም አልነገረውም። «እኔ ያላየሁትን!» ይላል ለራሱ፣ ወዲያና ወዲህ እየተራመደ፣ «እኔ እንኳ ያላየሁትን!» በዚያ ቅጽበት ዶክተሩን ሊገድለው ምንም አልቀረውም፤ ይህን በግልጽ መናገር ይሻላል።

የአፏ ልክ ተወስዶ በጄሶ ተቀረጸ። ጥርሶቹ የሚሠሩት አዲስ አበባ ስለሆነ ጄሶው በአውቶቡስ ሊላክ ነው ተባለ። ይህንን የሰማ ዕለት ዘውዴን እንቅልፍ አልወሰደውም። የሚስቱ አፍ በካርቶን ታሽጎ፣ በሹፌር አጠገብ ተቀምጦ፣ ጣርማ በርን ሊያቋርጥ! ብቻውን ክሊኒክ ሄደና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ከመሄዱ በፊት ልየው» አለ።

ዶክተር ሰዲቅ አንድም ነገር ሳይጠይቅ ጄሶውን መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። ጥርሱም ድዱም ነጭ ነው፤ ሁሉም አንድ ቀለም። ዘውዴ አገላብጦ አየው። የተሞረዱትን የሁለቱን ጥርሶች ጉቶ፣ ጎን ለጎን የተደረደሩትን ትናንሽ ጥርሶቿን በጣቱ ነካ። ለአፍታ ቅናቱ ለቀቀውና አዘነላት። ይህችን ታህል ነገር ነው ዕድሜዋን ሙሉ ስትደብቅ የኖረችው? ወዲያው ግን ደረቱን ነፋ። «እንግዲህ እኔም አየሁት» አለ በልቡ። «ዶክተሩ ብቻ አይደለም። የሚስቴን አፍ አሁን እኔም አውቀዋለሁ።» ከጄሶ ላይ አይቶ ያወቀ መሰለው። አይ ዘውዴ!

ካርቶኑን አውቶቡሱ ድረስ የወሰደውም ራሱ ነው። ሹፌሩ «ምንድን ነው ውስጡ?» ቢለው፣ «የሞተር ዕቃ ነው። እንዳትከፍተው!» ብሎ አፈጠጠበት። አውቶቡሱ ዳገቱ ላይ እስኪጠፋ ቆሞ አየ።

ጥርሶቹ ተሠርተው መጡ፣ ተገጠሙም። የዚያን ቀን ዘውዴ ሥራ ትቶ ጭማቂ ቤቱ ደጃፍ ጠበቃት። ወይንሸት ከባጃጅ ስትወርድ ነጠላዋ ከዓይኗ በታች ያለውን ሁሉ ሸፍኖታል።

«እስቲ አሳዪኝ።»

«ለሰርጉ ነው» አለችው። ዓይኗ ይስቃል። «ሙሽራ ቀኗ ሳይደርስ አትገለጥም።»

«ለእኔም?»

«ከሁሉ በፊት ለእህቴ።»

በእህቷም ቀና እንግዲህ። ግን ቅናቱ ሥር አንዲት ደስታ ነበረች፤ ነጠላው አልወረደም! መስመሩን በመስታወት አይታው፣ አፍራበት ነው የምትሸፍነው ብሎ ደመደመ። ስትበላ ያው እንደ ድሮዋ ፊቷን ታዞራለች። ሱቅዋ ፊት ለፊት ሲያልፍ ነጠላው እዚያው ነው፤ ሹፌሮቹ ጭማቂያቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ፤ የሚያዩት ነገር የለም። ለበድሩም «የመረጥኩላት ነገር ብረት ነው፣ ብረት!» እያለ ሰነበተ።

ሰርጉ ቀወት፣ የወይንሸት አባት ግቢ በተጣለ ሰፊ ዳስ ሆነ። ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ ታርዶ፣ ለብቻ ተሠርቶ፣ በጎን ዳስ ተጥሎላቸዋል፤ በድሩና ነኢማ፣ ዶክተር ሰዲቅም እዚያ ተቀምጠዋል። ዘውዴ ዶክተሩን ሲያይ የያዘውን ጠላ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠ። ደግሞ ተቀዳለት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላልና፣ አንድ ነገር እንዳያመልጠው ጥርሱን ነክሶ ተቀመጠ።

ሙሽራው ገብቶ ከበሮው ሲጋጋል ወይንሸት ከሴቶቹ መሃል ወጣች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ወገቧ ላይ አሰረችው። ዘውዴ አንገቱን አቀና። አሁን ነው! አሁን መስመሩ ይታያል፤ አሁን አንዷ ምላሰኛ «ጥርስሽ ሥር ያለው ምንድን ነው?» ትላታለች። ወይንሸት ትከሻዋን እየሰበቀች እህቷ ፊት ደረሰች፤ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች።

የዳሱ ሴቶች በአንድ ድምፅ «ውይ!» አሉ።

የወይንሸት ድድ ንቅሳት ነበር። ከጥርሷ ሥር ጀምሮ እስከ ላይኛው ከንፈሯ ድረስ የሞላ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ በልጅነቷ የተነቀሰችው ንቅሳት። በዚያ ጥቁር ድድ ላይ ጥርሶቿ ቦግ ብለው ወጡ። የብረቱ መስመርስ? ጥቁር መስመር በጥቁር ድድ ላይ ማን ያየዋል! ቀለሙም ከጎን ጥርሶቿ ጋር አንድ ስለሆነ አዲሱን ከአሮጌው የሚለይ አልተገኘም። ዘውዴ በክፋት የመረጠው ሁሉ ለእሷ ውበት ሆኖላት ቁጭ አለ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው።

«እሰይ! እሰይ!» አሉ እትዬ በላይነሽ፣ የወይንሸት አክስት፣ ከተቀመጡበት ተነስተው። «ይህን ድድ በእሾህና በጥላሸት የነቀስኳት እኔ ነኝ! አንዲት እንባ አላፈሰሰችም። እንዲህ ያማረ ንቅሳት በቀወት አልነበረም። ገና ሳይታይላት ያቺ አህያ መታቻትና ይኸው ተደብቆ ቀረ።» ከዚያ ወደ ዘውዴ ዞሩ። «ከዚህ ሰው በቀር ማለቴ ነው። አንተማ ብቻህን ስታየው ኖርክ፤ የታደልክ!»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ዘውዴም ጥርሱን አሳየ፤ ጥርስ ባዳ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ መሶብ ይዘው ያን ሁሉ ዓመት ኖረው፣ የሚስቱ ድድ ጥቁር መሆኑን ዛሬ ከሕዝብ ጋር እኩል አየ። ጄሶው ላይ እንኳ ነጭ ነበር።

ዶክተር ሰዲቅ ከጎን ዳስ መጥቶ ሁለት እጁን ዘረጋለት። «ጋሼ ዘውዴ፣ ምርጫዎ ይኸው! ሌላውን ሰው የሚያሳፍረው ብረት ለእሳቸው ጌጥ ሆነ» አለው። ዘውዴ እጁን ጨበጠው። ከጀርባው በድሩ «እኔ ነኝ ምረጥላት ያልኩት!» እያለ ለነኢማ ሲነግራት ይሰማል።

ሙሽራዋ ተሸኝታ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ባልና ሚስት ባጃጅ ወደሚገኝበት መንገድ በእግር ወረዱ። ግራና ቀኙ የታጨደ የማሽላ ማሳ ነው። የሚያልፈው ሰው ሁሉ «ወይንሸት፣ እንኳን ደስ አለሽ!» ይላል፤ እሷም ጥርሷን ገልጣ ትመልሳለች። ዘውዴ በእያንዳንዱ ሰው ቀና። ግን የለመዳት ቅናት አልነበረችም። ያቺኛዋ የእኔ የሆነውን ሊወስዱብኝ ነው የምትል ነበረች፤ ይቺ ግን አላፊ አግዳሚው ያገኘውን እሱ ብቻ አላገኘም የምትል ናት፤ የባሰች ሆነችበት።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«ድድሽ ንቅሳት መሆኑን።»

ወይንሸት ቆመች። «ይነገራል እንዴ? ሴት ስትስቅ ያዩታል እንጂ።»

«ዶክተሩ ታዲያ...»

«ዶክተሩ ሥራው ነው፣ ገና ጭማቂ ቤት ሳለ አፌን አይቶታል። አንተ ደግሞ የዚያን መስመር ነገር ስትሰማ ፊትህ እንዴት እንደበራ እኔ አየሁ። ብረቱን ለምን እንደመረጥክ ያልገባኝ መስሎሃል? ‹ብረት ያለበት ነገር ነው የሚያስተማምነው› ያልክ ጊዜ እኮ ነው ሳቄ ያመለጠኝ።»

ዘውዴ መሬት መሬቱን አየ። «አውቀሽ ነው ዝም ያልሽኝ?»

«ይስማማታል ከተባለ ምን ልበል?» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቢኖር ይሻለው ነበር። «ዘውዴ፣ እስከ ዛሬ ስንኖር አንድ ቀን አስቀኸኝ ታውቃለህ? ማን ሳቀ፣ ማን አሳቀሽ እያልክ ስትቆጣ ነው የኖርከው። አንተ ያሳቅከኝ ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ሳታስበው።»

ባጃጅ መጥታ ቆመች፤ ባዶዋን ሄደች። ሁለቱም አልተነቃነቁም።

«እንግዲያው አሁን ሳቂልኝ» አለ። እንዲህ ለምኖ አያውቅም። «ለእኔ። አንድ ጊዜ።»

ወይንሸት አየችው፤ አሳዘናት። ልትስቅለት ፈልጋ ከንፈሯ መላቀቅ ጀመረ። እጇ ግን፣ ቀኑን ሙሉ በሰው ሁሉ ፊት ወርዶ የዋለው እጇ፣ የነጠላዋን ጫፍ ከወገቧ ላይ ፈትቶ እንደ ልማዱ አፏ ላይ አደረሰው። ከነጠላው በላይ ዓይኗ ብቻ ይታየው ነበር።